ትንሿ ውሻዬ ሁሌ ትንቀጠቀጣለች፣ በርዷት ነው ወይስ ሌላ ነገር አለ?

ሉሉዬ፦
ሰላም ለሁላችሁ፣ ትንንሽ ውሻ ያላችሁ ሰዎች እባካችሁ አንድ ነገር ልጠይቃችሁ። ሉሉ የምትባል ቺዋዋ አለችኝ፣ ሁለት አመቷን አልፋለች፣ ክብደቷ 2 ኪሎ ተኩል አካባቢ ነው፣ ክትባቷ ሙሉ ነው። ችግሩ ትንቀጠቀጣለች። ጠዋት ከአልጋዋ ስትነሳ ትንቀጠቀጣለች፣ እንግዳ ሲመጣ ትንቀጠቀጣለች፣ መውጫ ማሰሪያዋን ሳነሳ በደስታ ትንቀጠቀጣለች፣ እነዚህስ ይገቡኛል። የሚያስጨንቀኝ የማታው ነው፣ ሶፋ ላይ አጠገቤ ተኝታ ቤቱም ሞቅ ብሎ ማንም ሳይነካት በቃ የኋላ እግሯ አካባቢ ይርገበገባል፣ እጄን ሳሳርፍባት ይሰማኛል። ምግብ ትበላለች፣ አንዳንድ ቀን ግን ቁርሷን ትታ እስከ ከሰአት ትቆያለች።

ሰው ስጠይቅ "ትንሽ ውሻ እንደዛ ነው ተያት" ይሉኛል፣ ወንድሜ ደግሞ ልታቀፍ ብላ ነው፣ ባቀፍሻት ቁጥር እያበላሸሻት ነው ይለኛል። እኔ ግን ዝም ብሎ ማለፉ ከበደኝ። የትኛው ነው ኖርማል፣ የትኛው ነው ሀኪም ቤት የሚያስሮጠው? ሲጀምራትስ ልቀፋት ወይስ ዝም ልበላት?

ባለፒንቸሩ፦
እህቴ መጀመሪያ የብርዱን ነገር አጣሪ፣ በተለይ የጠዋቱን። እኔ ሁለት ፒንቸር አሉኝ ስለዚ ይሄን ነገር አውቀዋለሁ። ትንሽ ውሻ ከክብደቱ ጋር ሲነፃፀር ቆዳው ብዙ ነው፣ ሙቀት ደግሞ የሚወጣው በቆዳ ነው፣ ስለዚ ትልቅ ውሻ ምንም በማይሰማው ክፍል ውስጥ እነሱ ሙቀት እያጡ ነው። በዛ ላይ ቺዋዋና ፒንቸር ፀጉራቸው አጭር ነው፣ ከላይኛው ፀጉር ስር የሚያሞቅ ጥቅጥቅ ያለ ለስላሳ ፀጉር አብዛኞቹ የላቸውም፣ ስብም የላቸውም። መንቀጥቀጡ ራሱ ማሞቂያቸው ነው፣ ጡንቻው ቶሎ ቶሎ እየተኮማተረ ሙቀት ያመርታል። ስለዚ አንቺ ሳይበርድሽ እሷን ሊበርዳት ይችላል፣ በራስሽ አትለኪው።

አልጋዋ መሬት ላይ ከሆነ ከፍ አድርጊው፣ ወለል ከስር ሙቀት ይስባል፣ ነፋስ ከሚገባበት በርም አርቂው። ውስጡ ገብታ የምትሸፈንበት አልጋ ከሆነ ደግሞ በጣም ይወዱታል። ሹራብ ስታለብሻት ብብቷንና አንገቷን እንዳይዛት፣ ከረጠበ ደግሞ ወዲያው አውልቂው ምክንያቱም እርጥብ ልብስ ካለመልበስ ይብሳል። ካጠብሻት በኋላ እስክትደርቅ አትልቀቂያት። የሞቀ ውሃ የያዘ ላስቲክ ካስቀመጥሽላት በወፍራም ፎጣ ጠቅልዪው፣ ቆዳቸው ስስ ስለሆነ ይቃጠላሉ፣ ሲበዛባት ደግሞ ራቅ የምትልበት ቦታ ይኑራት።

ለማጣራት ቀላል ነው፣ ሲጀምራት ሹራብ አልብሰሽ ደረቅ ብርድልብስ ውስጥ አድርጊያትና 15፣ 20 ደቂቃ ጠብቂ። ከቆመ ብርድ ነበር። ካልቆመ ሌላ ነገር ፈልጊ።

ማቀፉን በተመለከተ እኔ በበኩሌ የኔዎቹ ፈርተው ሲንቀጠቀጡ አላቅፋቸውም፣ ፍርሃቱን ትክክል ነው ያልሻቸው ይመስላቸዋል ይባላል።

የሚኒ እናት፦
ቁርስ አንዳንዴ ትተዋለች ያልሽው ነገር ነው እኔን ያስደነገጠኝ። ሚኒ የምትባል ዮርኪ አለችኝ፣ ገና ቡችላ እያለች አንድ ጠዋት ሳትበላ ስትጫወት ቆይታ መንቀጥቀጥ ጀመረች፣ እኔ በርዷት ነው ብዬ አቀፍኳት፣ ከዛ ስትራመድ ወደ ጎን እየተንገዳገደች፣ አይኗ ቦዝ ብሎ ስሟን ስጠራት የማትሰማ ሆነች። ስልክ የደወልኩላት ሀኪም ማር ጣትሽ ላይ አድርገሽ ድዷን ቀቢላት፣ አፏ ውስጥ እንዳትጨምሪባት፣ ከዛ ይዘሻት ነይ አለችኝ። በደቂቃዎች ውስጥ ጭንቅላቷን ቀና አደረገች። ስኳሯ ወርዶ ነበር።

እንደነገረችኝ ትንንሽ ዝርያ ቡችሎች ጉበታቸው ውስጥ የሚያስቀምጡት ስኳር በጣም ትንሽ ነው፣ ጡንቻቸውም ትንሽ ነው፣ አእምሯቸው ደግሞ ያለማቋረጥ ስኳር ይፈልጋል፣ ስለዚ አንድ ምግብ ካለፋቸው፣ ከበረዳቸው፣ ተቅማጥ ከያዛቸው ወይ ብዙ ከተጫወቱ ቶሎ ይወድቃል። በተለይ ከ4 ወር በታች ያሉት ናቸው የሚያሰጉት። ከዛ ጊዜ ጀምሮ ሚኒ በቀን አራት ጊዜ በትንሽ በትንሹ ትበላ ነበር፣ ከመኝታ በፊትም ጭምር፣ ስታድግ ነው የቀነስነው። ማር ወይ ግሉኮስ ቤትሽ ይኑር። ራሷን ስታ ከሆነ ደግሞ ምንም ነገር አፏ ውስጥ እንዳታፈሺ፣ ሳንባዋ ይገባል፣ ድድ ላይ መቀባት ብቻ። ብትነቃም ሀኪም ሳያያት አትተያት ምክንያቱም ስኳሩ ተመልሶ ይወርዳል።

ሀኪመ እንስሳት፦
ሰላም። የእንስሳት ሀኪም ነኝ፣ ትንንሽ ዝርያዎችን በብዛት አክማለሁ። ከላይ የተባለው ብርድና ስኳር ትክክል ነው፣ አንድ የማልስማማበት ነገር ግን አለ፣ ከሱ ልጀምር ምክንያቱም ብዙ ውሾች በዚህ ይጎዳሉ።

ፍርሃት ስሜት ነው። የፈራችን ውሻ ማቀፍ ፍርሃቷን አያሳድገውም። ሸልሜ አለማመድኳት የሚባለው አስባበት ለምታደርገው ነገር ነው፣ ለምሳሌ እግሯን ስትሰጥሽ፣ ወይ በር ላይ ስትጮህ። ስለዚህ ሉሉዬ እራሷ ወዳንቺ ከመጣች እቀፊያት፣ ደረቷን በቀስታ ዳብሺያት፣ በረጋ ድምፅ አውሪያት። አልጋ ስር መግባት ከመረጠች ደግሞ ጎትተሽ አታውጫት፣ እዛው አጠገቧ ቁጭ በይ። የሚያባብሰው ቁጣ ነው፣ መቅጣት ነው፣ ከፈራችው ነገር ጋር በግድ ማጋፈጥ ነው።

አሁን ወደ ጥያቄሽ። መንቀጥቀጡን ብቻውን አትዪው፣ አብሮት ምን እንዳለ ነው የምታዪው። የፈራች ውሻ ጅራቷን እግሯ መሀል ትወሽቃለች፣ ጆሮዋ ወደኋላ ይተኛል፣ ምግብ በሌለበት ከንፈሯን ትልሳለች፣ ታዛጋለች፣ የአይኗ ነጭ ይታያል፣ ሳይሞቃት ታለከልካለች። የተደሰተችው ደግሞ ሰውነቷ ልል ነው፣ ወደ ነገሩ ትሄዳለች፣ ደስታው ሲያልፍ መንቀጥቀጡም ያልፋል። በእንቅልፏ ውስጥ እግሯ ሲንቀሳቀስ፣ ከንፈሯ ሲርገበገብ፣ ቀስ ብላ ስታጉረመርም ከሆነ ህልም ነው፣ ስሟን ስትጠሪ ትነቃና ሰላም ናት፣ እሱ አያስጨንቅሽ።

ብዙ ሰው የሚያልፈው ህመም ነው። ውሻ ሲያመው ይጮሃል ብለን እንጠብቃለን፣ ትንንሾቹ ግን አብዛኛውን ጊዜ ዝም ብለው ይንቀጠቀጣሉ። ጀርባዋን ጎበጥ አድርጋ መቆም፣ ሶፋ ላይ ለመዝለል ማመንታት፣ ሲያነሷት መቆጣት፣ ጠንካራ ምግብ ጥላ ለስላሳውን መምረጥ፣ ደረጃ ላይ መቆም፣ እነዚህን ፈልጊ። ዳክስሁንድ ያላችሁ በተለይ ልብ በሉ፣ ጀርባው ረጅም የሆነ ውሻ በድንገት ተንቀጥቅጦ አልራመድም ካለ የአከርካሪ ዲስኩ ሊሆን ስለሚችል የሰአታት ጉዳይ ነው፣ የኋላ እግሩ መጎተት ከጀመረ ደግሞ እስከ ነገ አይባልም።

መርዝም አለ። ቸኮሌት፣ ቡና፣ ስኳር የለሽ ማስቲካ ውስጥ የሚገባው ዛይሊቶል የሚባል ማጣፈጫ፣ የሻገተ የቆሻሻ ምግብ፣ የቀንድ አውጣና የነፍሳት ማጥፊያ መርዝ፣ ሁሉም ያንቀጠቅጣሉ፣ ዛይሊቶል ደግሞ ስኳሩን በደቂቃዎች ውስጥ ሊጥለው ይችላል፣ ጉበትንም ይጎዳል። ለ30 ኪሎ ውሻ ምንም የማይሆን መጠን ለ2 ኪሎ ውሻ ገዳይ ሊሆን ይችላል። እየተንቀጠቀጠች ያለችን ውሻ ቤት ውስጥ አታስመልሱ፣ የበላችውን ነገር ማሸጊያ ይዛችሁ ኑ።

ማልቲዝ፣ ዌስት ሃይላንድና ትንንሽ ፑድል ላይ የሚታይ ሌላ ነገር አለ፣ መጀመሪያ ነጫጭ ትንንሽ ውሾች ላይ ስለታየ ነጭ ተንቀጥቃጭ የሚል ስም ወጣለት፣ ሌላ ቀለም ላይም ግን ይመጣል። ወጣት ውሻ ላይ ይጀምርና መላ ሰውነቷ ይንቀጠቀጣል፣ ስትደሰት ይብስባታል፣ ስትተኛ ይቀንሳል፣ ህመም ግን የለውም። በፕሬድኒሶሎን ይታከማል፣ አብዛኞቹ በጥቂት ቀናት ውስጥ ይሻላቸዋል፣ መድሀኒቱ ግን ቀስ እየተባለ ነው የሚቀነሰው፣ በድንገት አይቆምም። እቤት ያለ የሰው ክኒን ቆርሶ መስጠት ፈፅሞ አይሞከር።

ከሚጥል በሽታ ለመለየት ስሟን ጥሪ። የምትንቀጠቀጥ ውሻ ታይሻለች፣ ትሰማሻለች፣ መራመድ ትችላለች። የሚጥላት ከሆነ በጎኗ ትወድቃለች፣ እግሮቿ ይገተራሉ፣ አረፋ ይደፍቃታል፣ ሽንት ሊያመልጣት ይችላል፣ ከነቃች በኋላም ለተወሰነ ጊዜ ግራ ይገባታል። ያኔ እጅሽን አፏ ውስጥ አታስገቢ፣ የሚያጋጫትን ነገር አርቂ፣ ሰአት ያዢ፣ 5 ደቂቃ ካለፈ አደገኛ ነው።

ለአንቺ የምጠይቅሽ፣ የማታው መንቀጥቀጥ የሚመጣው ከተጫወተች ወይ ከእግር ጉዞ በኋላ ነው? ሁለቱም እግር ነው ወይስ አንዱ? ስትሮጥ አንድ እግሯን አንስታ ዘለል ዘለል ትላለች? በስልክ ቪዲዮ ቅረጫት፣ ስትንቀጠቀጥም ስትራመድም፣ ከጎንም ከኋላም። ክሊኒክ ስትገባ ሁሉም ውሻ ስለሚንቀጠቀጥ እኛ ቤት ውስጥ የሚሆነውን ማየት አንችልም፣ ቪዲዮው ከአስር ደቂቃ ማብራሪያ ይሻለኛል።

ሮኪና እኔ፦
ዶክተር ስለ ማቀፉ ያሉትን ነገር እግዜር ይስጥዎ። የኔ ሮኪ ነጎድጓድና ርችት ሲሰማ መታጠቢያ ቤት ገብቶ ከሽንት ቤቱ ኋላ ተለጥፎ ይንቀጠቀጣል፣ ምራቁ ይዝረከረካል፣ ድምፁ ካቆመ በኋላ እንኳን ረጅም ሰአት አይለቀውም። ውጤት ያየሁበትን ልንገራችሁ።

አንደኛ መደበቂያውን ራሱ መርጦታልና እኔ አመቻቸሁለት፣ ምንጣፍ አነጠፍኩ፣ መስኮቱን በወፍራም መጋረጃ ሸፈንኩት ምክንያቱም ብልጭታውም ያስፈራዋል፣ አየር ማራገቢያውን ከፍቼ ድምፁን አደበዘዝኩት፣ በሩን ሁሌ ክፍት አድርጌ ነው የምተወው፣ ሲዘጋበት ይብስበታል። ሁለተኛ ዝናብ በሌለበት ወቅት የነጎድጓድ ድምፅ ከስልክ ላይ በጣም ቀንሼ፣ እሱ ጆሮውን ብቻ አቁሞ ግን በማይፈራበት ደረጃ፣ እያሰማሁት በጣም የሚወደውን ስጋ እሰጠዋለሁ። ድምፁን የምጨምረው እሱ ዘና ብሎ ስጋውን ከጠበቀ ብቻ ነው፣ መንቀጥቀጥ ከጀመረ ፈጥኛለሁ ማለት ስለሆነ ወደኋላ እመለሳለሁ። ጊዜ ይወስዳል፣ ወራት፣ ግን ይሰራል። ሶስተኛ ርችት እንደሚኖር ስናውቅ ሀኪሙ ያዘዘለትን መድሀኒት ድምፁ ከመጀመሩ በፊት እሰጠዋለሁ፣ ከፈራ በኋላ ሲሰጥ ብዙም አይሰራለትም። መድሀኒት መስጠት ጭካኔ የሚመስላቸው ሰዎች አሉ፣ ጭካኔው እንደዛ እየተሰቃየ ሌሊቱን ማሳለፉ ነው ባይ ነኝ።

ባለፒንቸሩ፦
ዶክተር ስለ እርማቱ አመሰግናለሁ፣ ከዛሬ ጀምሮ ሲመጡ አቅፋለሁ። አንድ ጥያቄ፣ ቴርሞሜትር ቤት ውስጥ መጠቀም ይቻላል?

ሀኪመ እንስሳት፦
ይቻላል፣ ዲጂታል ይሁን፣ ቫዝሊን ተቀብቶ በፊንጢጣ ነው የሚለካው፣ የምትታገል ከሆነ ግን አታስገድዷት። የውሻ ኖርማል ሙቀት ከ38.3 እስከ 39.2 ዲግሪ ነው፣ ስለዚህ ለሰው ትኩሳት የሆነው ለነሱ ጤና ነው፣ እጅ ላይ ስትሞቅ አትደንግጡ። ከ37 በታች ወይም ከ40 በላይ ከሆነ አስቸኳይ ነው። የቀዘቀዘችን ውሻ ቀስ አድርጋችሁ አሙቁ፣ በደረቅ ብርድልብስና በሰውነታችሁ ሙቀት፣ የፀጉር ማድረቂያ ቆዳዋ ላይ ተጠግቶ አይያዝ። ድዷንም ገልጣችሁ እዩ፣ ሮዝ መሆን አለበት፣ ነጣ ካለ ወይ ከሰማያዊነት ከተጠጋ ሌላ ነገር ሳታጣሩ ውሰዷት። ድዳቸው ከተፈጥሮ ጥቁር የሆኑ ስላሉ ሰላም ባለችበት ቀን ቀለሙን እወቁት።

ሉሉዬ፦
ዶክተር ጥያቄዎቹን ካነበብኩ በኋላ በደንብ ተከታተልኳት። የጠዋቱ ብርድ ነው፣ ባለፒንቸሩ እንዳለው አልጋዋን ከወለል አንስቼ ሹራብ ሳለብሳት ወዲያው ያቆማል። የማታው ግን በብርድልብስ አይቆምም። ደግሞ የሚብሰው ከሰአት ኳስ ስንጫወት በዋልንበት ቀን ነው፣ ለካ ከሶፋ በዘለለች ቁጥር ግራ የኋላ እግሯን አንስታ ሁለት ሶስት እርምጃ በሶስት እግር ትሄድና ከዛ ምንም እንዳልተፈጠረ ታወርደዋለች። ይሄን ነገር ከድሮም አይቼዋለሁ፣ የአካሄዷ ፀባይ ነው ብዬ ነበር የማስበው፣ ያሳቀንም ነበር። ቪዲዮውን ቀርጬዋለሁ። ምን ይመስልዎታል?

ሀኪመ እንስሳት፦
ሳልነካት መፍረድ አልችልም፣ የገለፅሽው ግን የጉልበት ሎሚ የምንላት ትንሿ ክብ አጥንት ከቦይዋ ስትወጣና ስትመለስ የሚታይ ነው። ቺዋዋ፣ ዮርኪ፣ ፖሜራንያን፣ ትንንሽ ፑድል ላይ በጣም የተለመደ ነው፣ ብዙዎቹ ከአጥንታቸው አቀማመጥ ጋር አብረውት ነው የሚያድጉት። ሀኪሙ ጉልበቷን በእጁ ዳሶ ከ1 እስከ 4 ደረጃ ይሰጠዋል፣ 1 ማለት ሲገፉት ብቻ ወጥቶ የሚመለስ ነው፣ 4 ማለት ወጥቶ የቀረና በእጅም የማይመለስ ነው። ዝቅተኛው ላይ ክብደት መቆጣጠር፣ ዝላይ መቀነስ፣ ጡንቻዋን ማጠንከርና ሲያማት የውሻ ማስታገሻ ይበቃል፣ ከፍ ያለውና ዘወትር የሚያነክሳት ኦፕሬሽን ሊያስፈልገው ይችላል። እስከዛው ኳሱን አቁሚ፣ አጭር አጭር የእግር ጉዞ በማሰሪያ፣ ሶፋው ስር መወጣጫ ወይ ጠንካራ ትራስ አድርጊላት፣ የሚያንሸራትት ወለል ላይ ምንጣፍ አንጥፊ።

የምለምንሽ ፓራሲታሞልም አይቡፕሮፌንም እንዳትሰጫት። 2 ኪሎ ተኩል ለሆነች ውሻ ግማሽ ክኒን አይቡፕሮፌን ጨጓራዋን ሊያቆስል፣ ኩላሊቷን ሊጎዳ ይችላል። ቁርስ የመተዉንም ነገር ለሀኪሙ ንገሪው፣ አዋቂ ውሻ ላይ ስኳር በቀላሉ አይወርድም፣ ስለዚህ ህመሙ ነው ወይስ ጥርሷ ነው ወይስ ሆዷ ነው የሚለው መታየት አለበት፣ አንድ የደም ምርመራም ስኳሩን፣ ኩላሊቱን፣ ጨዎቹን አብሮ ያሳያል።

ሉሉዬ፦
ወስጃታለሁ። የግራው ደረጃ 2 ነው፣ የቀኙ 1፣ የደም ምርመራዋ ደህና ነው፣ አንድ የኋላ መንጋጋ ጥርሷ ግን ስሩ ታሞ ተገኝቷል፣ ለካ ቁርስ የምትተወው ደረቁን ምግብ ስሰጣት ብቻ ነበር። ጥርሱ ይነቀላል፣ ለጉልበቷ የውሻ ማስታገሻ ተሰጥቷታል፣ ከምግብ ጋር ነው የሚሰጠው ተብያለሁ። ኳሱ ከቆመ ወዲህ የማታው በጣም ቀንሷል። እንግዳ ሲመጣ አሁንም ትንቀጠቀጣለች፣ ለዛ ሰዎቹ ወደሷ እንዳይሄዱ፣ አይኗን ትኩር ብለው እንዳያዩ፣ ራሷ እስክትጠጋ ቁጭ እንዲሉ እነግራቸዋለሁ፣ ለውጥ አለው። ወንድሜም አሁን ያቅፋታል።

ቤቲ 4 ቡችላ፦
ይቅርታ በሰው ጥያቄ መሀል ገባሁ ግን ስለ መንቀጥቀጥ ስለሆነ ነው። ውሻዬ ትንሽ ናት፣ ከወለደች ሶስት ሳምንት ሊሆናት ነው፣ አራቱም ቡችሎች ይጠባሉ፣ ከዛሬ ጠዋት ጀምሮ ታለከልካለች፣ አንድ ቦታ አትቀመጥም፣ ስትራመድ እግሯ ደረቅ ይላል፣ አሁን ደግሞ እየተንቀጠቀጠች ነው፣ ስትነካ በጣም ትሞቃለች። ወተት ልስጣት?

ሀኪመ እንስሳት፦
ቤቲ ወተቱን ተዪው፣ አሁኑኑ ወደ ሀኪም ይዘሻት ሂጂ። የገለፅሽው የካልሲየም መውረድ ነው የሚመስለው፣ ብዙ ቡችላ የሚያጠቡ ትንንሽ እናቶች ላይ ከወለዱ በሁለተኛውና በአራተኛው ሳምንት መሀል ይመጣል፣ ካልሲየሙ በወተት ይወጣባቸዋል፣ ቶሎ ካልታከመች ወደሚጥል በሽታ አይነት ትሄዳለች። ህክምናው ካልሲየም በደም ስር፣ ልቧ እየተዳመጠ በጣም በዝግታ ነው የሚሰጠው፣ ቤት ውስጥ የሚሆን አይደለም። ቡችሎቹን ከሷ ለያቸው፣ ሞቃት ቦታ አድርጊያቸው፣ ለቡችላ የሚሆን የዱቄት ወተት ካለ በጡጦ ስጫቸው። መኪና ውስጥ መስኮት ክፈቺላት፣ አትሸፍኛት። ደውለሽ እየመጣሁ ነው በያቸው።

ቤቲ 4 ቡችላ፦
እሺ ወጣሁ

ቤቲ 4 ቡችላ፦
ዶክተር ደርሰናል፣ ካልሲየም ነው አሉኝ፣ ግሉኮስ ላይ ናት፣ መድሀኒቱን ቀስ እያሉ እየሰጧት ሳለ መንቀጥቀጡ እዛው እያየሁት ቆመ። ቡችሎቹ ቢያንስ ዛሬና ነገ በጡጦ ነው ተብሏል፣ በየስንት ሰአቱ ላጥባቸው?

ሀኪመ እንስሳት፦
ተመስገን። በዚህ እድሜያቸው በየ4 ሰአቱ፣ ሌሊትም ጭምር። በሆዳቸው ተኝተው ይጥቡ፣ በጀርባቸው አታስተኛቸው፣ ወተቱ የእጅሽ አንጓ ላይ ጠብ ስታደርጊው ለብ ያለ ይሁን። ወደ እናታቸው መቼ እንደሚመለሱ ያከማት ሀኪም ነው የሚወስነው፣ ዳግም ሊይዛት ስለሚችል ጭርሱን ጡት ይጣሉ ሊልሽም ይችላል። በዚህ እድሜ የራሰ ምግብ መላስ ስለሚጀምሩ ከነገ ጀምሮ የቡችላ ምግብ በሞቀ ውሃ አላቁተሽ በጠፍጣፋ ሳህን አቅርቢላቸው።

የሚኒ እናት፦
ቤቲ የሌሊቱን ለማገዝ ከፈለግሽ እኔ ብዙ ጊዜ በጡጦ አሳድጌያለሁ፣ የውስጥ መልእክት ላኪልኝ።